አጋዘን አዳኙ ይክፈል ወይስ ይከፈለው?

እንግሊዝ ገጠር ውስጥ አንድ ገበሬ አለ እንበል። ከስንዴ ማሳው ጫፍ ላይ ትንሽ ደን አለችው። ሲመሽ አጋዘኖች ከደኑ እየወጡ ቡቃያውን ይግጡበታል፤ ሲነጋ ተመልሰው ይገቡና የተከለውን ችግኝ አናት አናቱን ይቀነጥሱበታል። አንድ ቀን ከአቅራቢያው ከተማ የመጣ ሰው በሩን ያንኳኳል። ሰውዬው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ በትርፍ ጊዜው ያድናል። ጠመንጃውን ፖሊስ ፈቅዶለታል፣ የአደን ኮርስ ወስዶ ተፈትኗል፣ ለአደጋ የሚሆን መድንም ገብቷል። «መሬትህ ላይ አጋዘን እንዳድን ትፈቅድልኛለህ?» ብሎ ይጠይቃል።

ማን ለማን ይክፈል? አዳኙ ለገበሬው? ገበሬው ለአዳኙ? ወይስ ተጨባብጠው ያለ ገንዘብ ይስማሙ?

ብሪታንያ ውስጥ ይህ ጥያቄ የአዳኞችን ወዳጅነት የሚያሻክር ክርክር ነው። አንዱ ወገን «የሰው መሬት ረግጠህ፣ ተዝናንተህ፣ ሥጋውን ጭነህ ትሄዳለህ፤ እንዴት አትከፍልም?» ይላል። ሌላው «ብርድ እየበላኝ የሰውየውን ሰብል የማድነው እኔ፤ ደግሞ እኔው ልክፈል?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ከሁለቱም አፍ የማይወጣው ነገር ነው፦ ገንዘቡ ማን ኪስ እንደሚገባ ብቻ ሳይሆን፣ የትኛው አጋዘን እንደሚሞትም የሚወስነው ክፍያው ነው። ይህን ለማየት ከሥሩ መጀመር አለብን።

መጀመሪያ፣ አጋዘኑ የማን ነው? በብሪታንያ ሕግ የዱር አጋዘን በሕይወት እስካለ ድረስ የማንም ንብረት አይደለም። መንግሥትም ባለ መሬቱም «የእኔ ነው» ሊሉት አይችሉም። ዛሬ እዚህ ማሳ ሲግጥ አድሮ ነገ አጥር ዘሎ ጎረቤት ቢገባ፣ የጠፋ ከብት ነው ብሎ የሚከሰው ሰው የለም። ባለ መሬቱ ያለው መብት ሌላ ነው፦ በራሱ መሬት ላይ የማደን፣ ለሌላውም የመፍቀድና የመከልከል መብት። እንግሊዝ ውስጥ ይህ የአደን መብት ከመሬቱ ተነጥሎ ሊሸጥና ሊከራይ ይችላል፤ ስለዚህ አንዱ በሚያርሰው መሬት ላይ የሚያድነው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ለእንግሊዝና ለዌልስ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የአጋዘን ሕግ፣ ያለ ባለ መሬቱ ወይም ያለ ባለ ይዞታው ፈቃድ አጋዘን ለማደን መሬት መርገጥን ወንጀል ያደርገዋል። ጥይት መተኮስ አያስፈልግም፤ በዚያ ሐሳብ መግባቱ ብቻ ይበቃል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ አሠራር እንግዳ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠሩን መሬት ከግል ባለቤትነት አውጥቶታል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ አድርጓል። በእኛ ዘንድ የአደን ፈቃድ የሚወጣው ከመንግሥት ቢሮ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ግን በሩ ላይ የቆመው ግለሰቡ ነው፤ ገበሬ፣ ባላባት፣ የደን ኩባንያ ወይም የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ሊሆን ይችላል። ስለ ክፍያው የሚደራደረውም እያንዳንዱ በየራሱ ነው።

በሩ የሚጠብበት ሌላም ምክንያት አለ። በዚያ አገር ፖሊስ ለአምስት ዓመት የሚያገለግል የጠመንጃ ሰርተፍኬት ከመስጠቱ በፊት «ምን ሊያደርግልህ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «አጋዘን ላድንበት» ያለ ሰው በተለይ ጀማሪ ከሆነ የት እንደሚያድን ማሳየት ይጠበቅበታል። ጀማሪው መሬት ካላገኘ ጠመንጃ ለማግኘት ይቸገራል፤ ጠመንጃና ልምድ ከሌለው ደግሞ መሬቱን አምኖ የሚሰጠው የለም። ፈላጊው ብዙ፣ ፈቃጁ ጥቂት በሆነበት ቦታ ፈቃድ ዋጋ ቢያወጣ ምን ይገርማል?

ዋጋው ደግሞ ትናንት የመጣ አይደለም። ዊልያም ድል አድራጊው እንግሊዝን ከያዘ በኋላ ሰፋፊ አገር «የንጉሥ አደን» ብሎ ከለለ፤ በደቡብ ያለው ኒው ፎረስት እ.ኤ.አ. ከ1079 ጀምሮ እንዲህ የተከለለ ነው። በ1217 የወጣው የደን ቻርተር ከዚያ ወዲያ የንጉሡን አጋዘን በመግደሉ ሕይወቱን ወይም አካሉን የሚያጣ ሰው አይኑር አለ። እንዲህ ተብሎ መጻፉ ራሱ ከዚያ በፊት ምን ይደረግ እንደነበረ ይናገራል። አምስት መቶ ዓመት ቆይቶ በ1723 የወጣው «ጥቁር ሕግ» የሚባለው ደግሞ ፊታቸውን አጥቁረው ደን ገብተው አጋዘን በሚሰርቁት ላይ የሞት ቅጣት መልሶ አመጣ። ከዚያ ስኮትላንድ ተራዋን ተቀበለች። ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤቷ አልበርት በ1852 የባልሞራልን ርስት ከገዙ በኋላ በተራሮቹ ላይ ባለ ቀንድ አጋዘን ማደን የሀብታም ሁሉ ምኞት ሆነ። የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ደግሞ ከለንደን መድረስ ቀለለ። ቀደም ሲል ገበሬዎች ለበግ እርባታ ተብሎ የተነቀሉባቸው ሸለቆዎች፣ የበጉ ንግድ ሲከስር ለአደን የሚከራዩ ርስቶች ሆኑ።

ከዚያ ዘመን የተረፈ አንድ ልማድ ለነገራችን ቁልፍ ነው። የስኮትላንድ የአደን ርስት ሲሸጥ ዋጋው የሚገመተው በየዓመቱ ስንት ወንድ ባለ ቀንድ አጋዘን እንደሚታደንበት ተቆጥሮ ነበር። ልብ በሉ! የመሬቱ ዋጋ ከወንዶቹ ቁጥር ጋር ከታሰረ፣ ብዙ ወንድ እንዲወለድ ብዙ ሴት ማኖር ለባለ ርስቱ የሚያዋጣ ሥራ ይሆናል። ሣሩ ቢያልቅ፣ ዛፍ ባይበቅል፣ በክረምት አጋዘኑ በረሃብ ቢያልቅ፣ የርስቱ ዋጋ አይወርድም።

ዛሬስ? ብሪታንያ ውስጥ በዱር የሚኖሩ ስድስት የአጋዘን ዝርያዎች አሉ። ቀዩ አጋዘንና ትንሹ ሮ የአገሩ ናቸው፤ ፋሎው፣ ሲካ፣ ሙንትጃክና የቻይናው የውኃ አጋዘን ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። ሮ ከ200 ዓመት በፊት ከአብዛኛው እንግሊዝ ጠፍቶ ነበር፤ ዛሬ የከተማ ዳር ጓሮ ውስጥ ገብቶ ጽጌረዳ ይበላል። ሙንትጃክ ከቻይና መጥቶ ቤድፎርድሺር ውስጥ ወበርን በሚባል የአንድ መስፍን ርስት ላይ ይኖር ነበር፤ ከዚያ አምልጦና ተለቆ በደቡብና በመሐል እንግሊዝ ተሰራጨ። ሙንትጃክ የመራቢያ ወቅት የለውም፤ እናቲቱ በወለደች በቀናት ውስጥ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ሁሉም ተደምሮ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ወደ 2 ሚሊዮን ነው።

ለምን በዙ? ተኩላ ከብሪታንያ ከጠፋ ከ250 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ሊንክስ የሚባለው የዱር ድመትም ከዚያ በፊት ጠፍቷል። በመከር ተዘርቶ ክረምቱን አረንጓዴ ሆኖ የሚያሳልፈው ስንዴ፣ አጋዘኑ ይራብ በነበረበት ወር ምግብ ሆነለት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተተከሉት ሰፋፊ ደኖች ደግሞ መጠለያ ሆኑት።

የበዙበትን ደን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ገብታችሁ ቁሙና ዙሪያውን ተመልከቱ፤ የዛፉ ቅጠል የሚጀምረው አጋዘኑ አንገቱን አንጋጦ ከማይደርስበት ከፍታ ነው። ከዚያ በታች እስከ መጨረሻው ያያችሁት ሁሉ ባዶ ነው፤ ግንድና መሬት ብቻ። ጎንበስ ስትሉ ከትልልቆቹ የኦክ ዛፎች ሥር የበቀሉ ጥቃቅን ችግኞች ታያላችሁ፤ እያንዳንዱ ጫፉ ተቀንጥሶ፣ ከጎኑ አቆጥቁጦ፣ ያም ተቀንጥሶ፣ ዕድሜው ስድስትና ሰባት ዓመት ሆኖ ከቁርጭምጭሚት ያልዘለለ ነው። ትልቁ ዛፍ አርጅቶ ሲወድቅ የሚተካው የለም። ናይቲንጌል የምትባለው በሌሊት የምትዘምር ወፍ ጎጆዋን የምትሠራው በታችኛው ጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ውስጥ ስለሆነ፣ ቁጥቋጦው ሲበላ እሷም ትሄዳለች። አጥር እንዳይታጠር ቀይ አጋዘንን የሚያቆም አጥር 1.8 ሜትር ገደማ ከፍታ ይፈልጋል፤ ወጪው ከባድ ነው። መንገድ ላይም በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አጋዘኖች ከመኪና ጋር ይጋጫሉ።

ስለዚህ መቀነስ አለባቸው። ጥያቄው የትኞቹ? የነገሩ ልብ እዚህ ላይ ነው፤ ትንሽ ስሌት ታገሡኝ።

100 አጋዘን ያለበት ደን እናስብ፤ 50 ወንድ፣ 50 ሴት። ከአምስት ሴቶች አራቱ በዓመት አንድ አንድ ግልገል ያሳድጋሉ እንበል። አንድ አዳኝ 20 ወንዶች ቢገድል 80 አጋዘን ይቀራሉ፤ 50ዎቹ ሴቶች ግን አሁንም አሉ። አንድ ኮርማ ለመንደሩ ላም ሁሉ እንደሚበቃ የተረፉት ወንዶች ይበቋቸዋል፤ በጸደይ 40 ግልገል ይወለዳል፣ መንጋውም 120 ይሆናል። ሃያ ጥይት ተተኩሶ አጋዘኑ ጨመረ! ሌላው አዳኝ በእነዚያው 20 ጥይቶች 20 ሴቶች ቢገድል የሚወለደው 24 ነው፤ መንጋው 104 ይሆናል። 25 ሴቶች ቢሆኑ 95። መንጋ የሚቀነሰው በሴቶቹ በኩል ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ የአጋዘን አዳኝ የለም።

አሁን ደግሞ ገበያውን ተመልከቱ። አዳኝ በደስታ የሚከፍለው ለምንድን ነው? ለቀንዱ። ቀንድ ያለው የብሪታንያ የዱር አጋዘን ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ እንደገና ያበቅላል፤ የሚያበቅለው ግን ወንዱ ብቻ ነው። ደቡብ እንግሊዝ ውስጥ ጥሩ ቀንድ ያለውን የሮ ወንድ ለማደን ከአውሮፓ ድረስ ከፍለው የሚመጡ አሉ። ስኮትላንድ ውስጥ ከርስቱ አስጎብኚ ጋር ተራራ ወጥቶ አንድ ቀይ ወንድ ለማደን በመቶዎች የሚቆጠር ፓውንድ ይከፈላል። ሴቷ ከዚህ እጅግ ትረክሳለች፤ ብዙ ቦታም ፈላጊ የላትም።

የወቅቱም ነገር አለ። በእንግሊዝ የሮ ወንድ የሚታደነው ከኤፕሪል 1 እስከ ኦክቶበር 31 ነው፤ ፀሐይ፣ አበባ፣ ረጅም ምሽት። የሮ፣ የፋሎውና የቀዩ አጋዘን ሴቶች የሚታደኑት ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ነው። የጃንዋሪን ማለዳ አስቡት። ሕጉ ፀሐይ ከመውጣቷ አንድ ሰዓት በፊት ጀምሮ ማደን ይፈቅዳል፤ ስለዚህ አዳኙ በጨለማ ተነስቶ፣ ነፋሱ ከአጋዘኑ ወደ እሱ እንዲነፍስ ዞሮ ገብቶ፣ ማማው ላይ ወጥቶ ይቀመጣል። ጣቱ ደንዝዟል። የፋሎው መንጋ ከደኑ ሲወጣ ብርሃኑ ገና ግራጫ ነው። የትኛዋ እናት፣ የትኛው ግልገል እንደሆነ መለየት አለበት፤ ግልገሏን አስከትላ ከሆነ ልማዱ ግልገሉን ቀድሞ፣ እናቲቱን አስከትሎ መግደል ነው፤ አለዚያ ግልገሉ ብቻውን ቀርቶ በብርድ ያልቃል። ከእንስሳዋ ጀርባ አፈር ከሌለ አይተኩስም፤ የሳተ ጥይት ኪሎ ሜትሮች ይጓዛል። ከተኮሰና ከመታ በኋላ ነው ሥራው የሚጀምረው። እዚያው ሆዷን ከፍቶ ጨጓራና አንጀቱን ያወጣል፤ ሳንባውን፣ ጉበቱንና ንፍፊቶቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰ የሳንባ ነቀርሳ ምልክት ይፈልጋል፤ ለሥጋ ነጋዴ የሚሸጥ ከሆነ ጤናማ መሆኗን ፈርሞ መለያ ያስርባታል። ከዚያ ከባዱን ሥጋ በጭቃ ላይ እስከ መኪናው ይጎትታል። ነጋዴው ከነቆዳዋ ለኪሎ የሚከፍለው ጥቂት ፓውንድ ነው፤ በኮሮና ዘመን ምግብ ቤቶች ሲዘጉ ያም ወረደ።

እንግዲህ ይህን ሰው «ለዚህ ማለዳ ክፈል» ማለት ይገባል? በእኔ እምነት አይገባም። ምክንያቴ ለእሱ ማዘን ብቻ አይደለም። በገንዘብ ተከራይቶ የገባ ሰው የገንዘቡን ያህል ማግኘት ይፈልጋል፤ የገንዘቡ ልክ ደግሞ ቀንድ ነው። ለሚመጣው ዓመት፣ ለዚያም ለሚቀጥለው አጋዘን እንዲኖረው ስለሚፈልግ ሴቶቹን ይምራል። ከፍሎ ካልተሳካለት ይከፋዋል፤ አጋዘን ሲበዛለት ይረካል። የገበሬው ጥቅም መቀነስ ነው፣ የተከራዩ ጥቅም ማብዛት ነው፤ ውሉ ሁለቱን ያስታረቀ ይመስላል እንጂ በማሳው ላይ አላስታረቃቸውም። ገበሬው የኪራዩን ገንዘብ በአንድ እጁ ተቀብሎ በሌላው የተበላውን ስንዴ ይቆጥራል። የሚያበሳጨኝ ይህ ነው፤ ብዙ ባለ መሬቶች ኪራዩን እንደ ትርፍ ሲጽፉት ጉዳቱን የትም አይጽፉትም።

የከፋዮቹ ወገን የሚለውም መሰማት አለበት፤ ጠንካራ ነጥቦች አሉት። ያለ ገንዘብ የተሰጠ ፈቃድ በቃል የተንጠለጠለ ነው። አንድ አዳኝ ለዓመታት አጥር እየጠገነ፣ የሞተ በግ ሲያይ እየደወለ፣ ለገና የአጋዘን እግርና አንድ ጠርሙስ ውስኪ እየወሰደ ያቆየውን ቦታ፣ ገንዘብ ይዞ የመጣ እንግዳ በአንድ ሳምንት ሊወስድበት ይችላል። በኪራይ የያዘ ሰው ግን የተፈረመ ወረቀት፣ የታወቀ ወሰንና የታወቀ ጊዜ አለው። ደግሞም የከፈለ ሰው ይተጋል የሚሉ አሉ፤ በነፃ ያገኘው ሁለት ጊዜ መጥቶ ይጠፋል። ይህም ይሆናል። የስኮትላንድ ተራራ ላይ የርስቱ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ መርቶት፣ የታደነውን በፈረስ አስጭኖ አውርዶለት፣ ሥጋውን በርስቱ ማቀዝቀዣ አስቀምጦለት የሚሄድ እንግዳ ደግሞ አገልግሎት ገዝቷልና ይክፈል፤ እዚህ ላይ የምከራከረው የለኝም።

ጀርመኖች ይህን እንቆቅልሽ በሌላ መንገድ ለመፍታት ሞክረዋል፤ አሠራራቸውን ሳነብ ደስ ይለኛል። ከ1848ቱ አብዮት ወዲህ የአደን መብት ከመኳንንት ወጥቶ ከመሬት ባለቤትነት ጋር ታሰረ። ሰው ሁሉ በሚጢጢ ማሳው ላይ እንዳይተኩስ ግን ሕጉ ዝቅተኛ ስፋት አስቀመጠ፦ በአንድ ላይ የተያያዘ 75 ሄክታር ያለው ለብቻው ያድናል ወይም ያከራያል፤ ከዚያ ያነሰ ያላቸው ጎረቤታሞች በአንድ የአደን ማኅበር ይጠቃለሉና መሬታቸው በጋራ ይከራያል። ኪራዩ በመደበኛው ቢያንስ ዘጠኝ ዓመት ነው። ስንት እንደሚታደን በአብዛኛው ባለ ሥልጣን በሚያጸድቀው ዕቅድ ይወሰናል። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ አጋዘንና የዱር አሳማ ሰብል ሲያበላሹ ካሣ አለ፤ በውል ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ተከራዩ አዳኝ ነው። ኪራይ መክፈል ብቻ አይደለም፤ እንዲበዙ ከተዋቸው ጉዳታቸውንም ይከፍላል! የእንግሊዝ ውል ውስጥ የጎደለው አንቀጽ ይህ ነው። ጀርመንም ሁሉ የሰመረላት አይደለችም፤ ደን ጠባቂዎቿ ስለ ሮ ብዛት አሁንም ያማርራሉ፤ ባቫሪያ ሕጓ ውስጥ ደን ከአውሬ ይቅደም የሚል መርህ ያስገባችው ለዚህ ነው።

አሁን አገራችን እንግባ፤ ነገሩ ተገልብጦ የሚታየው እዚያ ነውና። የባሌና የአርሲ ተራሮች የደጋ አጋዘን፣ ስሙ ቢመሳሰልም ከብሪታንያዎቹ የተለየ እንስሳ ነው፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም የለም፤ ሳይንስ ስም የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ ዛሬ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግቧል። በተፈቀዱ የአደን ቀበሌዎች፣ እንደ ኦዶቡሉና ሙኔሳ ባሉት፣ ከውጭ የሚመጣ አዳኝ ያረጀ ወንድ አንድ ለማደን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ለመንግሥት ይከፍላል። በዚያ ቦታ ክፍያው ትርጉም አለው። እንስሳው ጥቂት ነው፤ የሚፈለገው ያረጀ ወንድ ነው፤ ወንዱ ቢቀነስ መንጋው አይጎዳም፤ ዶላሩም ደኑ እንዳይመነጠርና ከብት እንዳይሰማራበት የሚከራከር አቅም ይፈጥራል። የሚያከራክረው ሌላ ነገር ነው፦ ገንዘቡ ከደኑ አጠገብ ለሚኖረው ገበሬ ይደርሳል ወይ? ያ ሰው ከብቱን ከደኑ የሚያስቀረው ለምን ሲል ነው? ይህ ለራሱ ሰፊ ጽሑፍ የሚሻ ነው። ለዛሬው ግን ይህን ያዙልኝ፦ ጥቂት በሆኑበት ቦታ ዋጋ ሊጠብቃቸው ይችላል፤ በበዙበት ቦታ ያው ዋጋ መቀነሳቸውን ያደናቅፋል።

ቨርጂኒያ ያላችሁ ወዳጆቼ ደግሞ ይህን ከጓሯችሁ ታውቁታላችሁ። ነጭ ጭራ አጋዘን ጎመናችሁን የሚበላባችሁ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ፣ አስተዳደሩ ራሱ የተፈተኑ ቀስተኞችን በመናፈሻዎች ውስጥ እያሰማራ ያስቀንሳል። አሜሪካ ውስጥ የዱር እንስሳ በሕዝብ ስም የሚያዝ አደራ ነው፤ ከጠመንጃና ከጥይት ላይ የሚሰበሰበው የፌዴራል ግብር፣ በረጅም ጠመንጃና በጥይት ላይ 11 በመቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣ ሕግ መሠረት ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይውላል። አዳኙ ይከፍላል፣ ግን ለጋራው ሣጥን። መሬቱ በአብዛኛው የግል በሆነበት ቴክሳስ ደግሞ ለባለ መሬቱ የሚከፈል ኪራይ እንደ ብሪታንያ የተለመደ ነው።

ስኮትላንድ ራሷም ከቪክቶሪያ ዘመን ልማድ እየወጣች ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የመንግሥት የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ክሬግ መጊ የሚባለውን ተራራ ከገዛ በኋላ ጠባቂዎቹ አጥር ከማጠር ይልቅ አጋዘኑን ቀነሱ፤ በተራራው ጎን የበርች ደን በራሱ ተመልሶ በቀለ። ግሌንፌሺ በተባለው ሸለቆ ዴንማርካዊው ባለ ሀብት አንደርስ ፖቭልሰን ርስቱን እ.ኤ.አ. በ2006 ከገዛ በኋላ በከባድ ቅነሳ የጥድ ችግኝ ያለ ተካይ ሸለቆውን መሙላት ጀመረ። በ2023 ስኮትላንድ ወንዶችን ማደን የተከለከለበትን ወቅት ከሕጓ አነሳች። የተፈጥሮ ጥበቃው መሥሪያ ቤትም በቅርብ ዓመታት በተመረጡ አካባቢዎች አጋዘን ለሚቀንሱ ሰዎች ገንዘብ የሚከፍል የሙከራ ፕሮግራም ጀምሯል። ገንዘቡ አቅጣጫውን ቀየረ ማለት ነው! ትልልቅ የደን ባለቤቶችማ ለሙያተኛ ተኳሽ ሲከፍሉ ዓመታት አልፈዋል።

እኔ ባለ መሬት ብሆን የማስፈርመው ውል እንዲህ ያለ ነው። ሴቶቹን የሚያድንልኝ ሰው ሳንቲም አይከፍልም፤ ሥጋውም የራሱ ነው፣ ለቤቴ አንድ እግር ካመጣልኝ አመሰግነዋለሁ። ወንድ ማደን የሚፈልግ ይችላል፣ ግን መጀመሪያ የተስማማነውን ያህል ሴት በክረምቱ አድኖ ማሳየት አለበት፤ ቀንዱ የሥራው ደመወዝ ይሁንለት። ለቀንድ ብቻ የሚመጣውን እንግዳ በገበያው ዋጋ አስከፍለዋለሁ፤ የማገኘውንም በክረምት ለሚደክመው ሰው ለጥይትና ለነዳጅ አውለዋለሁ። ሁሉም በጽሑፍ ይሆናል፤ ቢያንስ ለሦስት ዓመት፣ ገንዘብ ይዞ የሚመጣ ሌላ ሰው እንዳያስወጣው። በየዓመቱ በጸደይ አብረን ደኑ ውስጥ ገብተን የተቀነጠሰውንና ያልተቀነጠሰውን ችግኝ እንቆጥራለን፤ የሚቀጥለውን ዓመት ቁጥር የሚወስነው ያ ቆጠራ ነው። አዳኝ ካጣሁ፣ ወይም ጉዳቱ ከአንድ የትርፍ ጊዜ አዳኝ አቅም በላይ ከሆነ፣ እኔ ነኝ የምከፍለው።

አንድ ነገር ግን ከእኔና ከእሱ ውል በላይ ነው። የፋሎው መንጋ ቀን የአንዱ ደን ውስጥ ተኝቶ ሌሊት የሌላውን ማሳ ይግጣል። እኔ ሴቶቹን ስቀንስ ጎረቤቴ ለከፋይ እንግዶቹ ሲል ቢያኖራቸው፣ ድካሜ በእሱ ኪራይ ይበላል፤ የእሱም ከፋዮች «አጋዘኖቻችንን ጨረሰብን» ብለው ይወቅሱኛል። ለዚህ ነው በብዙ አካባቢ ባለ መሬቶች በማኅበር ተሰብስበው ስንት እንደሚታደን አብረው የሚያቅዱት። ስኮትላንድ ውስጥ ከዚህ አልፎ የተፈጥሮ ጥበቃው መሥሪያ ቤት እምቢ ያለውን ባለ ርስት በሕግ ሊያስገድደው ይችላል፤ ሥልጣኑን ያገኘው ከ1996ቱ የአጋዘን ሕግ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ግን ጎረቤት ጎረቤቱን በአብዛኛው በልመና ነው የሚያሳምነው፤ በእኔ ግምት ስለ ክፍያ የሚከራከሩት አዳኞች ጉልበታቸውን ወደዚህ ቢያዞሩት ለደኑም ለራሳቸውም የተሻለ ነበር፤ ነፃ ፈቃድ የሚበዛው ጎረቤታሞች አንድ ላይ መቀነስ ሲፈልጉ ነውና።